የዘንድሮ፣ የአምና፣ የካቻምና ቅጠል

ሠላሳ ዓመት ገደማ ቅጠል ስመዝን ኖሬ ባለፈው ዓመት፣ ሃምሳ አምስት ሲሞላኝ፣ በገዛ ፈቃዴ ጡረታ ወጣሁ። የስንብቱ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፣ የግድግዳ ሰዓትም ሸለሙኝ። የሚቸኩልበት ቦታ ለሌለው ሰው ሰዓት ለምን እንደሚሰጥ እስካሁን አልገባኝም።

በዚያው ሰሞን ከጀሞ ወደ ለቡ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ወሬ ጀመረኝ።

«ጡረታ ወጡ እንዴ? ገና ነዎት እኮ! ምን ነበር የሚሠሩት?»

«ደን ውስጥ ነበርኩ።»

«ዛፍ ተካይ?»

«የለም። ከዛፍ የወደቀ ቅጠል እመዝን ነበር።»

ሰውየው ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እና… ደሞዝ ይከፍሉዎት ነበር?» አለኝ። ረዳቱ ሳይቀር ዞሮ አየኝ።

ይከፍሉኝ ነበር። ብዙ አልነበረም፤ የደረቀ ቅጠልም ብዙ አይመዝንም።

ለመጻፍ የተነሳሁት ግን ለሰውየው መልስ ለመስጠት አይደለም። መጋቢት ውስጥ አንድ ሐሙስ ከሪማ ደወለችልኝ። ከሪማ ከለቡ በላይ ባለው ዳገት ግርጌ የምትኖር ሴት ናት። በወጣትነቷ ከደናችን ቅጠልና ጭራሮ እየለቀመች ትሸጥ ነበር፤ አሁን በአንድ የማስዋብ ፕሮጀክት የጽዳት ቡድን መሪ ሆናለች። ከተዋወቅን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖናል፤ አንድም ቀን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። «ኃላፊ» ነው የምትለኝ። ኃላፊነቴ ካበቃ በኋላም አልተወችውም።

«ኃላፊ፣ ሰባት ቁጥርን ጥረጉ ተባልን» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ቅጠሉን ነዋ! ሌላ ምን አለው? መናፈሻ ሊሆን ነው አሉ። ሰኞ እንጀምራለን።»

«እስከምን ድረስ?»

«አፈሩ እስኪታይ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«እህስ? አሁን ደግሞ ምን ትላለህ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ እኔን የመጠየቅ መብት ያላት እሷ ብቻ ናት። ምክንያቱን ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ። ለጊዜው የመለስኩላት አንድ ቃል ነበር፤ «አይጠረግም» አልኳት። በምን ሥልጣን እንደምከለክል አልጠየቀችኝም፤ ደግነቱ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ሰባት ቁጥር ከለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ጀርባ ወደ ላይ ሲወጣ የሚገኝ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ የተተከለ ደን ነው። በካርታችን ላይ ሰባተኛው ክልል ስለሆነ እንዲህ ተባለ። ከላይ ባሕር ዛፍ፣ ከታች የፈረንጅ ጽድ፣ ከሥራቸው ደግሞ እኛ ያስገባናቸው ወይራና የአበሻ ጽድ አሉበት። ሰው አንድን ደን አንዴ ገድሎ አንዴ በማዳን የራሱ ማድረግ ከቻለ፣ ሰባት ቁጥር የኔ ነው።

እዚያ ከመድረሴ በፊት ሁለት ቦታ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያ ምደባዬ ጅማ አካባቢ ያለ ችግኝ ጣቢያ ነበር። አለቃዬ ችግኝ የሚቆጥሩት ከመኪና ሳይወርዱ ነው። ስንት ተተከለ ብለው ይጠይቁኛል እንጂ ስንት ጸደቀ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ሁለተኛው ሻሸመኔ አካባቢ ያለ የፈረንጅ ጽድ ደን ሲሆን ከቅጠል ጋር የተዋወቅነው እዚያ ነው።

ሥራው ለሚያየው የእብድ ይመስላል። አራት ማዕዘን የእንጨት ማዕቀፍ ላይ የአጎበር ጨርቅ እንወጥርና ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ አድርገን ዛፎቹ ሥር እናቆመዋለን። የሚወድቀው ሁሉ እዚያ ላይ ያርፋል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሰብስበን ቅጠሉን ለብቻ፣ ጭራሮውን ለብቻ፣ ቅርፊትና ፍሬውን ለብቻ ለይተን፣ አድርቀን እንመዝናለን። ይህ የገባው ነው። የወጣውን ለማወቅ ደግሞ የተመዘነ ቅጠል በወንፊት ከረጢት ከትተን መሬት ላይ በችካል እናስራለን። በየወሩ ጥቂት ከረጢት እያነሳን፣ አፈሩን አራግፈን፣ ስንት እንደቀረው እናያለን። የብሳና ቅጠል ክረምቱ ሳይወጣ ጅማቱ ብቻ ይቀራል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ከመዝገብ ቤት እንደወጣ አሮጌ ፋይል ነው፤ ትንሽ ጠቁሮ፣ ትንሽ ሸትቶ፣ ያው ራሱን ሆኖ ይወጣል።

የዚህ ሁሉ ልፋት ምክንያቱ ቀላል ነው። ዛፍ ምግቡን ከአፈር ይስባል። ቅጠሉን ከመጣሉ በፊት ከሚጠቅመው ነገር ከፊሉን ወደ ግንዱ ይመልሳል፤ ቅጠል ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። የቀረውን ይዞ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ሥራው የሻጋታና የትል፣ የምስጥና የእርጥበት ነው። አብላልተው ለሥር ይመልሱታል። ተክል ደን ውስጥ ማዳበሪያ የሚበትን ሰው የለም፤ ዛፉ የሚበላው ራሱ የጣለውን ነው። ይህን ከሥሩ ጠርጎ መውሰድ ከሰው ፊት ሳህን ማንሳት ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ባሕር ዛፍ የምለው አለኝ። በአሁኑ ጊዜ ባሕር ዛፍን መስደብ የተማሩ ሰዎች መለያ ሆኗል። ውኃ ይመጥጣል፣ አፈር ያራቁታል፣ ከሥሩ ምንም አያበቅልም ይባላል። ንጹሕ ነው አልልም፤ ውኃ ይጠጣል፣ ቅጠሉም በቀላሉ አይበሰብስም። ነገር ግን በዚህ ከተማ ዙሪያ ቅጠሉ ከሥሩ እንዲያርፍ የተፈቀደለት ባሕር ዛፍ ስንት ነው? ገና ሳይወድቅ የሚጠብቀው መጥረጊያ አለ። በየዓመቱ የሚጥለውን ለምድጃ ወስደን ስናበቃ ለአፈሩ ምንም አልሰጠም ብለን እንከሰዋለን። ይህን በስብሰባ ላይ ስናገር አንድ ባልደረባዬ «አንተ ደግሞ ሁሉም ሰው የጠላውን ካልወደድክ አይሆንልህም» አለኝ። እውነቱን ነው። በዚህ ጉዳይ ግን ሚዛኑም ከኔ ጋር ነው።

ወደ ለቡ የተዛወርኩት በሠላሳ ዓመቴ አካባቢ፣ የጣቢያ ኃላፊ ሆኜ ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የሞላው ጀሞ ያኔ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር። ጣቢያው አንድ ቆርቆሮ ቢሮ፣ አንድ ማድረቂያ ምድጃና አንድ ካቦ ነበረው። ካቦው ጋሽ ተካ ይባላሉ። ቀጭን፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ኮታቸውን ክረምት ከበጋ የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ማንበብና መጻፍ የተማሩት በጉልምስናቸው ነው፤ ስለዚህ ለጽሑፍ ከኔ የበለጠ ክብር ነበራቸው፣ ከኔ የበለጠም ይጠራጠሩት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሰባት ቁጥርን ሲያስጎበኙኝ ድንገት ቁጭ አሉና የቀኝ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ጣታቸውን ገጥመው ቅጠሉ ውስጥ እንደ ቢላ አስገቡት።

«ይሄ የዘንድሮ ነው» አሉ፣ ደረቁን ሲያልፉ። እጃቸው ትንሽ ጠለቀ። «ይሄ የአምና።» ቅጠሉ እዚህ ላይ እርጥብ ነው፣ ተቀዳዷል፣ ነጭ የሻጋታ ክር ሰፍቶታል። ከዚያ እስከ እጅ አንጓቸው ገባ። «ይሄ ደግሞ የካቻምና።» አውጥተው አሳዩኝ፤ ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ ቅጠል መሆኑ የተረሳ ነገር ነበር። አሸተቱት። እኔም እንዳሸት አፍንጫዬ ሥር ደቀኑት። የመጀመሪያ ዝናብ ይሸታል።

«እስከ አንጓ ከገባ ሀብታም መሬት ነው» አሉኝ። «ጣት ብቻ ካስገባ ድሃ ነው። ጥፍር ካልገባ ወደ ቤትህ ሂድ። ያንተ ሚዛን ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ከማድረቁ ጋር ሦስት ቀን።»

«ይሁን፤ ወረቀት ይፈልጋሉ» አሉ እጃቸውን እያራገፉ። «የኔን ቢሮ አይቀበለውም።»

ያንኑ ሰሞን በሦስት ቀን የመዘንኩትና እሳቸው በእጃቸው የለኩት አንድ ሆኖ አገኘሁት። ለወጣት ባለሙያ ደስ የሚል ነገር አይደለም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በየጠዋቱ፣ ሠራተኛ ከመድረሱ በፊት፣ ሰባት ቁጥርን ከታች ወደ ላይ የሚያቋርጠውን የእግር መንገድ ይጠርጋሉ። መጥረጊያቸውን ከክትክታ ቅርንጫፍ ራሳቸው ያስሩታል። ከመንገዱ ላይ አንድ ቅጠል አይቀርም፤ የጠረጉትን ግን አይከምሩትም፣ አያቃጥሉትም፤ ግራና ቀኝ ወደ ዛፎቹ ሥር መልሰው ይበትኑታል። እኔ ጫካ አይቼ የማላውቅ ከተሜ ይመስል ይህ ነገር አስቆኝ ነበር።

«ጋሽ ተካ፣ ጫካ ይጠረጋል እንዴ?»

«ጫካው አይጠረግም። መንገዱ ነው የሚጠረገው።»

«ምን ያደርጋል?»

«እንግዳ የሚሄደው በመንገድ ነው።»

የእንግዳ አክባሪነት ነገር መስሎኝ ተውኩት። ሰው ብዙ መጽሐፍ ሲያነብ ቀላል ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል።

እነ ከሪማም በእሳቸው ሥርዓት ነበር የሚለቅሙት። ጭራሮና የደረቀ ቅርንጫፍ ከሁሉም ቦታ፤ ቅጠል ግን ከደኑ ጠርዝ ብቻ። ጠርዙ ላይ ቅጠል ከሌለ እሳት ከውጭ ወደ ውስጥ አይሻገርም። የተጻፈ ደንብ አልነበረም። ጋሽ ተካ ይናገራሉ፣ ሴቶቹ ይስቃሉ፣ ይታዘዛሉ።

ይህን ሁሉ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያበላሸሁትም በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

የመምሪያ ኃላፊያችን አቶ ፈለቀ ለጉብኝት መጡ። ንጽሕና የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ጫማቸው ላይ አቧራ ካረፈ ወሬ ያቋርጣሉ። በዚያ በተጠረገ መንገድ ከታች እስከ ላይ ወጡ፣ ወረዱ። «እንዴት ያለ ጽዱ ደን ነው! ደን እንዲህ ሲያዝ አይቼ አላውቅም» አሉ። ጋሽ ተካ ከኋላ መጥረጊያቸውን እንደ ከዘራ ተደግፈው ቆመዋል። አቶ ፈለቀ መኪናቸው ውስጥ አንድ እግራቸውን አስገብተው ነበር። ሊሄዱ ነበር፤ ነገሩ አልቆ ነበር።

«ገና ነው፣ ጌታዬ» አልኳቸው። «ውስጡንም እናጸዳዋለን። ለእሳትም አደጋ ነው።»

እግራቸውን መልሰው አወጡት። «እንዴት አድርጋችሁ?»

ጋሽ ተካ አዩኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ ሌላ ሰው ዓይን ውስጥ አላየሁትም። ቁጣ አልነበረም፤ አንድ ሰው ጠርሙስ ከጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ እያየ፣ ሩቅ ሆኖ፣ እጁ እንደማይደርስ ሲያውቅ ያለው ዓይነት ነበር።

በሳምንቱ ሦስት ገጽ ዕቅድ ጻፍኩ። ቅጠሉ ይሰብሰብ፣ የእሳት ስጋቱ ይቀንስ፣ ሴቶቹም ማገዶ ያግኙ። ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት ዕቅድ ነበር፤ ከአፈሩ በስተቀር። ሻሸመኔ ውስጥ ከረጢት ስቆጥር የኖርኩ ሰው ይህን አላውቅም ነበር አልልም። አውቅ ነበር። ደኑ ወፍራም ነው፣ ጥቂት ዓመት ቢወሰድበት አይጎዳም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አለቃ ሲያመሰግን ዕውቀት ለጊዜው ወንበር ይለቃል። ጋሽ ተካ «ተው ልጄ፣ ይሄ መሬት ዳገት ነው» አሉኝ አንዴ። ሁለተኛ አልተናገሩም።

ሦስት በጋ ጠረግን። የምስጋና ደብዳቤ መጣልኝ፤ በመስታወት አሠርቼ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። በሁለተኛው ዓመት ከሥር ያስገባናቸው የወይራ ችግኞች ቅጠላቸው ገረጣ፤ ድርቅ ነው አልን። በሦስተኛው የዛፎቹ ሥር ከመሬት በላይ እንደ ሽማግሌ እጅ ጅማት ወጣ። ጣቴን ላስገባ ሞከርኩ። ጥፍሬ አልገባም። አፈሩ ላዩ ላይ እንደ ሸክላ አብረቅርቆ ነበር።

ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለ። ድሮ እንዲህ ያለ ዝናብ ሰባት ቁጥር ውስጥ ይገባና ይጠፋ ነበር፤ ቅጠሉ ይይዘዋል፣ ቀስ ብሎ ያወርደዋል። ያን ቀን የሚይዘው አልነበረም። ቀይ ጎርፍ ሆኖ በዳገቱ ወረደ። ግርጌ ላይ የመጀመሪያዋ ቤት የከሪማ ናት። የጀርባው ግድግዳ ተናደ፤ ጭቃው አልጋውን፣ ቁምሳጥኑን፣ ለክረምት ያስቀመጠችውን ዱቄት ይዞ ሄደ። ልጆቿ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር አክስታቸው ጋ ነበሩ። ያ ነው እነሱንም እኔንም ያተረፈን።

ስደርስ ከሪማ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆማ ነበር። ታለቅሳለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

«ኃላፊ» አለችኝ፤ «ደንህ ቤቴ ገባ።»

ጋሽ ተካ አካፋ ይዘው መጡ። እስኪመሽ ድረስ አብረን ጭቃ አወጣን። ስንጨርስ እጃቸውን ታጥበው፣ «ያ ደብዳቤ የት ነው?» አሉኝ።

«ግድግዳ ላይ። ነገ አወርደዋለሁ።»

«አታውርደው» አሉ። «ይቆይ።»

ቆየ። ጡረታ ስወጣ ከቢሮው የወሰድኩት ብቸኛ ዕቃ እሱ ነው። አሁን ሳሎኔ ውስጥ፣ ከሸለሙኝ ሰዓት ጎን ተሰቅሏል።

ግድግዳውን ሠራንላት። ከዚያ ቅጠል መውሰድ ቀረ ብሎ የመናገር ተራ መጣ፤ ሴቶቹን ሰብስቤ ተናገርኩ። ከሪማ ተነሳች።

«ጥረጊ ያልከኝ አንተ፤ አትጥረጊ የምትለኝም አንተ። ምድጃዬን በምን ላንድደው? በምስጋና ደብዳቤህ?»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም መሳቅ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። በመጨረሻ የተስማማነው ጋሽ ተካ ቀድሞ ባስቀመጡት ላይ ነው። ጭራሮና ቅርፊት የነሱ፤ ቅጠል ከጠርዙ ብቻ። እኔ የጨመርኩት ደኑ እንዳይጨናነቅ ስናሳሳው የሚቆረጠው ዛፍ ጫፉና ቅርንጫፉ ለእነሱ እንዲሰጥ ነው። ለዚያ ፈቃድ ለማግኘት የጻፍኩት ወረቀት ከሦስት ገጽ በጣም ይበልጣል። አቶ ፈለቀ ከዚያ በኋላ በመጡ ቁጥር ውስጡ ለምን እንዳልተጠረገ ይጠይቁኝ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ እምቢ አልኳቸው። ዕድገት አለፈኝ። ሰባት ቁጥርን ግን አልነኩትም።

መሬት ይቅር ማለት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚቀበለው። የዘንድሮው ቅጠል በአንድ በጋ ተመለሰ። የአምናው ለመምጣት ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ፤ ቅጠሉ ሲወድቅ የሚያብላላው ሻጋታም ትልም ጠፍቶ ነበርና ዝም ብሎ ተከመረ። ከሌላ ክልል ጥቁሩን አፈር በጆንያ እያመጣን እንደ እርሾ በተንነው፤ ብሳና በየመሐሉ ተከልን። የካቻምናው ግን ስንት ክረምት እንደወሰደ ለመናገር አፍራለሁ። ጋሽ ተካ ሥራ ካቆሙ በኋላ አንድ ጊዜ ከልጃቸው ቤት፣ ከቡታጅራ መጥተው ነበር። ቁጭ ብለው እጃቸውን አስገቡ። ሁለተኛው የጣት መገጣጠሚያ ላይ ቆመ።

«ገና ነው» አሉ። «ግን መንገድ ላይ ነው።»

አንጓ ላይ ሲደርስ አላዩትም። እኔ ነኝ ያየሁት፤ ጡረታ ከመውጣቴ ሁለት ዓመት በፊት።

እንግዲህ በዚያ ሐሙስ ከሪማ ስትደውልልኝ ምን እንደተሰማኝ ይገባችኋል። ዓርብ ጠዋት የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ወይዘሮ ራሔል ቢሮ ሄድኩ። የመዘንኩትን ሁሉ በሁለት ዶሴ ይዤ ነበር። ሴትዮዋ ሞኝ አይደሉም፤ ትሑትና ፈጣን ናቸው፣ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ስለ አፈሩ፣ ስለ ጎርፉ፣ ስለ ከሪማ ግድግዳ ተናገርኩ። እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«ገባኝ» አሉ። «ግን ሰው የሚዝናናበት ቦታ ነው። ቅጠል ተከምሮ፣ ፌስታል ተጣብቆበት፣ እሳትም አለ። ደግሞ እኛ ያለ ባለሙያ ምክር አልተነሳንም።»

«የማን ምክር ነው?»

ከመሳቢያ አንድ ያረጀ ወረቀት አወጡ። ሦስት ገጽ። ከታች ፊርማ አለው። ፊርማው የኔ ነበር።

እሳቸው ገና ስሜን ከፊርማው ጋር አላገናኙትም ነበር። «ሰባት ቁጥርን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው» አሉኝ።

«ተሳስቷል» አልኳቸው።

«ይተዋወቃሉ?»

«በደንብ።» ነገርኳቸው። ፊርማውንና ፊቴን አስተያዩና ፈገግ አሉ፤ ግን ውሳኔው አልተነቃነቀም። አዲስ ጥናት ካለ በጽሑፍ ላቅርብ፣ በቀጣዩ ስብሰባ ይታያል አሉ። ሰኞ ግን ሰኞ ነው፤ እሳቸውም በአራት ሰዓት መጥተው ያያሉ። የሠላሳ ዓመት ሚዛን ይዤ ሄጄ በሦስት ገጽ ተሸነፍኩ፤ ያውም በራሴ ሦስት ገጽ። በጽሑፍ ዓለም ከዚህ የባሰ ትችት አይቼ አላውቅም።

ሰኞ በአሥራ ሁለት ሰዓት ዳገቱ ላይ ነበርኩ። ካስፈለገ ቅጠሉ ላይ ተኝቼ እንዲጠርጉኝ ወስኜ ነበር። ከሪማ ስምንት ሴቶች ይዛ፣ ሁሉም አረንጓዴ ዩኒፎርም ለብሰው፣ መጥረጊያና ቅጠል መቧጠጫ ሬክ ተሸክመው መጡ።

«ተሸነፍክ አይደል?» አለችኝ ፊቴን አይታ።

«ተሸነፍኩ። ግን አይጠረግም። ከሪማ፣ አንቺ ታውቂያለሽ…»

«ዝም በል እስቲ ኃላፊ። ተነስ ከመንገዱ።» ወደ ሴቶቹ ዞረች። «እናንተ ፌስታሉንና ላስቲኩን ከውስጥ ልቀሙ፤ ቅጠሉን አትንኩ። እናንተ ጠርዙን እንደ ድሮው አጽዱ፤ ለእሳት ነው። እኔና አንቺ፣ ሙሉዬ፣ መንገዱን እንይዛለን።»

«መንገዱን?»

መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆመችና በመገረም አየችኝ። «ጋሽ ተካ መንገዱን ለምን እንደሚጠርጉ አልነገሩህም?»

«እንግዳ የሚሄደው በመንገድ ነው ብለውኛል።»

«ነግረውሃል እንግዲህ! አለቃ የሚያየው የረገጠውን ነው። መንገዱ ከጸዳለት ደኑ ጸድቷል ብሎ ይሄዳል። ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ እያደረጉ አይደል ያቆዩት?»

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ሁላችንም እናውቅ ነበር። ለናንተ ነው እንጂ የማይነገረው። አለቃ ካወቀው ምን ዋጋ አለው?»

የዚያን ቀን አቶ ፈለቀ አንድ እግራቸውን መኪና ውስጥ ከተው ሳለ፣ ጋሽ ተካ ለዓመታት የጠበቁትን ነገር እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠርጌ እንዳጠፋሁት ገባኝ። ያ አስተያየታቸውም ገባኝ። ሬክ አነሳሁና ከከሪማ ኋላ ገባሁ።

በአራት ሰዓት መንገዱ እንደ ጎዳና ሆኖ ነበር። ግራና ቀኙን በድንጋይ ከልለነዋል፤ የጠረግነውን ቅጠል ከድንጋዩ ማዶ፣ ዛፎቹ ሥር መልሰን በትነነዋል። አንድ ፌስታል የለም። ወይዘሮ ራሔል እየተራመዱ መጡ፣ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሱ።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ። ትንሽ ከወጡ በኋላ ቆሙ። «ቅጠሉ ግን ውስጥ አለ።»

በዚያው ቅጽበት ንፋስ መጣና ከላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዝርግፍ ብሎ ወረደ፤ አንዱ ትከሻቸው ላይ አረፈ።

«አሁንም እየወደቀ እኮ ነው እመቤቴ» አለች ከሪማ። «ቆሞ ይጠብቀን እንዴ?»

ሳቁ። እኔ ደግሞ የድሮው በሽታዬ ተነሳብኝ። ስለ ካቻምናው፣ ስለ እርጥበቱ፣ ስለ ሥሩ ልናገር አፌን ከፈትኩ። «ወይዘሮ ራሔል፣ እንዲያውም…» ስል ከሪማ እግሬን ረገጠችኝ። ቀስ ብላ አይደለም።

«እንዲያውም ምን?» አሉ ሴትዮዋ።

«እንዲያውም መንገዱ ያምራል» አልኩ።

«ያምራል። በየቀኑ ግን እንዲህ መሆን አለበት።»

«በየቀኑ» አለች ከሪማ። ሴትዮዋ ወረዱ። የመኪናቸው በር ሲዘጋ ከላይ ሰማነው፤ ሁለቱም እግራቸው ገብቷል።

ቁጭ ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። የዘንድሮን አለፍኩ፣ የአምናን አለፍኩ። እጄ እስከ አንጓው ገባ፤ ውስጡ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ ገና ዝናብ ሳይመጣ።

ከሪማ ከላዬ ቆማ፣ «እኛን ከሐሙስ ጀምሮ ሌላ ቦታ መድበውናል» አለችኝና መጥረጊያዋን ጭኔ ላይ ጣለችው። «ሰዓት ሸልመውሃል አይደል? በል ተነስበት።»

ይኸው እነሳበታለሁ። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሰባት ቁጥር ነኝ። መጥረጊያውን ከክትክታ ማሰር ተምሬአለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተፈቱብኝ። ከታች ወደ ላይ እጠርጋለሁ፣ የጠረግኩትን ግራና ቀኝ እመልሳለሁ፣ በማግስቱ ያው ቅጠል ወድቆ ይጠብቀኛል። ለስብሰባው የተጠየቅኩትን ጽሑፍም እያዘጋጀሁ ነው፤ ያንን የድሮ ወረቀት በራሴ ፊርማ እሽረዋለሁ። እስኪታይ ድረስ ግን መንገዱ አንድ ቀን አይዘለልም።

ሚስጥሩን በአደባባይ መጻፌ ከሪማን ያናድዳት ይሆናል። እኔ አልሰጋም፤ አለቃ እስከ መጨረሻው አያነብም፤ ያ ሦስት ገጽ እንኳን እስከ መጨረሻው ተነብቦ ቢሆን ኖሮ ፊርማውን አይቶ የሚጠይቀኝ ሰው በተገኘ ነበር። ይህን ጽሑፍ እዚህ ድረስ ያነበበ አለቃ ካለ ግን ደስ ይለኛል። ይምጣ፤ ጠዋት መንገዱ ላይ ያገኘኛል። ከመንገዱ ይውረድ፣ እጅጌውን ይሰብስብ፣ ጣቱን ገጥሞ ያስገባ። አንጓው ላይ ሲደርስ ይንገረኝ።